አራት ኖዝል ለአራት ወራሽ

እኔ ድሮም ድንጉጥ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ስልክ ሲጠራ እደነግጣለሁ፤ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ ምን ሆነው ነው ብዬ እደነግጣለሁ። ባለቤቴ «አንተን ለማስደንገጥ እኮ ሰላምታ ይበቃል» ትለኛለች። ሐሰት አላለችም። ቢሆንም ዘንድሮ በአባታችን የጭነት መኪና የተነሳ የደነገጥኩትን ያህል ዕድሜ ልኬን ደንግጬ አላውቅም። ልቤ እስካሁን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። እስቲ ልንገራችሁና ፍረዱኝ፤ ፍርዱ ግን ቀለል ይበል፤ የተፈረደብኝ ይበቃኛልና።

አባታችን ሲሞት አንድ የጭነት መኪናና አራት ልጆች ትቶ ሞተ። ከሁለቱ ብዙ ያስቸገረው የቱ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። ታላቃችን ጋሼ በላይነህ ደምበጫ ገበሬ ነው። ገበሬ ልበለው እንጂ ከእርሻው ይልቅ ፍርድ ቤት የዋለበት ቀን ይበልጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር በአንዲት የድንበር ድንጋይ ሲካሰስ ነው ጠጉሩ የሸበተው። ከሱ ቀጥላ እትዬ ጥሩወርቅ ጉንደ ወይን እህል ትነግዳለች፤ ጤፍ በመዳፏ አንስታ ስንት ኪሎ አፈር እንዳለበት ትነግርሃለች። ከዚያ እኔ አለሁ፤ ደብረ ማርቆስ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የማዛውር ሰው ነኝ። የመጨረሻችን ስመኘው ነው፤ ከአባታችን ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ አድጎ፣ አሁን መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው።

የአባታችን ሙት ዓመት ሲቃረብ መኪናው ታመመ። ጠዋት ሲነሳ ያለቅሳል፤ ዳገት ሲያይ ያቃስታል፤ ጭሱ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ያስነጥሳል። አባታችን የተቀበረው በተወለደበት በደምበጫ ስለሆነ ድግሱም እዚያው ነው። ድንኳኑ፣ የጠላው በርሜል፣ ፍልጡ፣ እህሉ ሁሉ እናታችን ካለችበት ከማርቆስ ተጭኖ ዓርብ ሳይመሽ መግባት አለበት፤ ካህናቱ ማታ ጸሎት ይጀምራሉ። ሌላ መኪና እንከራይ ብንላት እናታችን እምቢ አለች። «የሱ እህል በሱ መኪና ነው የሚሄደው» አለች፤ በቃ። የኛ አገር ሰው ደግሞ ሠርግ ቢበላሽ ይረሳል፤ ሙት ዓመቱ የተበላሸበት ሰው ግን እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ይነሳበታል። «ያ እንኳ አራት ልጅ ወልዶ ድንኳን ያልተተከለለት» ይባላል።

ስለዚህ አራታችንም ሙሉጌታ ጋራዥ ተሰበሰብን። ሙሉጌታ መኪናውን ከአባታችን ዘመን ጀምሮ የሚጠግን መካኒክ ነው። ሞተሩን ፈታታ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ኖዝሎቹ አልቀዋል» አለን።

እኔ ኖዝል ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ሙሉጌታ ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ አስረዳኝ። «ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ጫፍ ነው። ቄስ ጠበል ሲረጩ አይተህ የለ? ጥሩ ኖዝል እንደዚያ ነው፣ ብትን አድርጎ ነው የሚረጨው። ያለቀ ኖዝል ግን እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ይንጠባጠባል።»

«ታዲያ ግዛና ቀይርልን» አልነው።

«የትኛውን ልግዛ?» አለ።

ይህችን ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ ይኸኔ አራታችንም ተከባብረን እንኖር ነበር። ለካ ኖዝል ዓይነቱ ብዙ ነው። ኦሪጅናል አለ፤ ኦሪጅናል የሚመስል አለ፤ ኦሪጅናል ነኝ ብሎ የሚምል አለ፤ ከሞተ መኪና የተፈታ አለ። ቀዳዳው ሰፋ ያለ አለ፣ ጠበብ ያለ አለ። ጋሼ በላይነህ ሰፊው ይሁን አለ፤ ጉልበት ያለው የጠገበ ነው በሚል ሕግ። እትዬ ጥሩወርቅ ጠባቡ ይሁን አለች፤ ናፍጣ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን የሚጎርስ ሞተር ምን ይሠራልናል ብላ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ሳነብ ቆየሁና፣ ያነበብኩት ስላልገባኝ በጣም እርግጠኛ ሆኜ ሦስተኛ ሐሳብ አመጣሁ። ስመኘው ደግሞ «አባዬ የገጠመውን አልቀይርም፣ አጥቤ እመልሰዋለሁ» አለ። ቃል ቃልን እየወለደ ሄደ። እትዬ ጥሩወርቅ «ከድሮም አንተ» ማለት ስትጀምር ነገሩ ከኖዝል ወጥቶ ወደ ልጅነታችን መግባቱን አውቄ ደነገጥኩ።

ይኼኔ ጋሼ በላይነህ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ። ችሎት ፊት የሚቆመው እንደዚያ ነው።

«ሙሉጌታ፣ ሲሊንደሩ ስንት ነው?»

«አራት።»

«እኛስ ስንት ነን?»

«አራት» አልን ሦስታችንም።

«ታዲያ ምን ያጣላናል? ርስት ነው። እያንዳንዱ ድርሻውን ይያዝ፤ በድርሻው ላይ ያሻውን ይዝራ።»

ክው አልኩ። ይህን የመሰለ ጥበብ ከአንድ እናት ልጅ መውጣቱ አስደነገጠኝ። ጠቢቡ ሰሎሞን ዘይት በነካው ጋቢ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ የቆመ መሰለኝና አጨበጨብኩ። እባካችሁ አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ታጨበጭቡ ነበር። እኛ ጎጃሜዎች እኮ አንድ ነገር ለአራት ሰው ሲደርስ መካፈል እንጂ ሌላ መላ አናውቅም፤ አባቶቻችን እርሻውን እየተካፈሉ እየተካፈሉ በሬ መዞሪያ ያጣበት ማሳ ላይ አድርሰውናል።

ሙሉጌታ ብቻ «ግን እኮ አራቱም አንድ ዓይነት ካልሆኑ…» ብሎ ጀመረ።

ጋሼ በላይነህ የሐሰት ምስክር በሚያይበት ዓይን አየው። «አንተ የማን ወገን ሆነህ ነው የምትናገረው?»

«የማንም!» አለ ሙሉጌታ ደንግጦ። ምስኪን፣ አንድ ጊዜ በአክስቱ የመሬት ክርክር መስክሮ ዘመዱ ሁሉ ዓመት ሙሉ ዘግቶታል። ከዚያ ወዲህ «ድርሻ» የሚል ቃል ከሰማ ከሞተር ሥር ይገባል። አሁንም ገባ።

እጣ ተጣለ። እንደ ሥርዓቱ እያንዳንዳችን ምልክታችንን አወጣን፤ ጋሼ በላይነህ የኮቱን ቁልፍ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከነጠላዋ የመዘዘችውን ጥለት፣ እኔ የእስክሪብቶዬን ክዳን፣ ስመኘው አንዲት ቡሎን። ሙሉጌታን ከሞተር ሥር ጎትተን አውጥተን፣ ዓይኑን አስጨፍነን፣ ከገዛ ባርኔጣው ውስጥ እጣውን አስወጣነው። አንደኛው ሲሊንደር ለጋሼ በላይነህ፣ ሁለተኛው ለእትዬ ጥሩወርቅ፣ ሦስተኛው ለእኔ፣ አራተኛው ለስመኘው ደረሰ። በዕድሜ ቅደም ተከተላችን መውጣቱን አይተን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልን። ፈጣሪን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ማስገባታችን ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል።

እጣ ካለ ወሰን አለ። ጋሼ በላይነህ ጠመኔ አስመጥቶ በሞተሩ ላይ መስመር አሰመረ። እትዬ ጥሩወርቅ መስመሩ ወደ እሷ ገፋ ብሏል ብላ አቤት አለች፤ ተደምስሶ እንደገና ተሰመረ። ራዲያተሩ የጋራ ምንጭ ነው ተባለ። ጭስ ማውጫው የጋራ መሄጃ ሆነ፤ «ግን የራሱን ጭስ ያበዛ ይጠየቃል» የሚል ተጨመረበት። ይህን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ቢሮ የዋለ ሰው ደንብ ሳያስጨምር አይገባም።

ከዚያ ሁላችንም ኖዝል ፍለጋ ተሰማራን። ጋሼ በላይነህ ደጀን ድረስ ወርዶ፣ ዓባይን ሲወጣ ወገቡ ከተሰበረ ትልቅ ባለ ተሳቢ መኪና ላይ የተፈታ አመጣ። ሙሉጌታ አገላብጦ አይቶ «ገላው ይገጥማል፤ ቀዳዳው ግን ከዚህ መኪና በእጥፍ…» ሲል፣ ጋሼ በላይነህ «የታላቅ ድርሻ ነው» ብሎ አቋረጠው። እትዬ ጥሩወርቅ ያመጣችው ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ነበር፤ ለብርሃን አንስተን ብናየው ብርሃኑም ለማለፍ ተቸገረ። «የኔ ሲሊንደር የናንተን ሊመግብ አይደለም» አለች። ስመኘው የአባታችንን አሮጌ ኖዝል በናፍጣ አጥቦ፣ በሸሚዙ ወልውሎ መለሰው። ሲወለውለው ዓይኑ እንባ ያቀረረ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

እኔስ? እኔ ማርቆስ ውስጥ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች ሁሉ ዞርኩ። ባለሱቁ «ምን ዓይነት ይሁንልህ?» ሲለኝ «ጥሩ ዓይነት» አልኩት። ሰውየው ምን ዓይነት ደንበኛ እንደገባለት ወዲያው ገባው። ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ሳጥን አወረደ። ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ፤ ወርቃማ ነው፣ ውስጡ ቀይ ከፋይ ጨርቅ አለው፣ ኖዝሉ እንደ ሙሽራ ቀለበት መሐል ላይ ተኝቷል። ደነገጥኩ፤ እንዲህ የሚያምር ነገር ሞተር ውስጥ መግባቱ አሳዘነኝ። ገዛሁት። ሳጥኑን ቤት ወስጄ ቡፌ ላይ አስቀመጥኩት፤ ባለቤቴ ጉትቻዋን ታስቀምጥበታለች። ከዚያ ግዢ የተጠቀምነው ያ ብቻ ነው።

ሙሉጌታ አራቱንም ገጥሞ አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ ልበል ወይስ ተቆጣ ልበል፣ እንጃ። ትከሻውን እየመታ እስክስታ ወረደ። መከለያው ላይ የተቀመጠው የሙሉጌታ የሻይ ብርጭቆ እየተንሸራተተ ሄዶ ወደቀ። ከጭስ ማውጫው ጥቁርና ነጭ ጭስ ተራ በተራ ወጣ። «ተደስቶ ነው» አለ ጋሼ በላይነህ። ማንም አልተከራከረውም፤ ዓርብ ደርሶ ነበር።

እናታችን ሐዘን ላይ ስለሆነች ጋራዥ አልመጣችም፤ የነገርናት «ተሠርቷል» ብለን ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት እህሉም ድንኳኑም ተጭኖ፣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ጋቢና ውስጥ መሐል ላይ ተቀመጠች። ስመኘው ይነዳል፤ እኔ በበሩ በኩል ነኝ፤ ጋሼ በላይነህና እትዬ ጥሩወርቅ ጭነቱ ላይ ወጡ። ከማርቆስ ስንወጣ ባጃጅ ቀደመን። እሺ፣ ባጃጅ ይቅደም። ቀጥሎ የፈረስ ጋሪ ቀደመን። አማኑኤልን ስናልፍ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ለጥቂት ጊዜ አብረውን ሄዱና፣ ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ። ከላይ የጠላው በርሜል እየተናጠ ይጮኻል፤ ከበርሜሉ በላይ ደግሞ እህትና ወንድሜ ይጮኻሉ።

«የማን ሲሊንደር ነው እንዲህ የሚያንኳኳው?»

«ያንቺ ነው፣ ራበኝ እያለ ነው!»

«ያንተ ነው፣ ግሳቱ ነው!»

እናታችን ወደ እኔ ዞር ብላ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ። «የመካኒክ ቋንቋ ነው እማዬ» አልኳት። 

ደምበጫ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር አንድ ዳገት አለ። ብዙ ዳገት አይደለም፤ ጤነኛ መኪና ዳገት መሆኑንም አያውቀው። የኛ ግን መሐሉ ላይ ሲደርስ ሞተሩ እየዞረ ጎማው እምቢ አለ። ስመኘው ፍሬን ይዞ «ድንጋይ! ድንጋይ!» ሲል ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። ካህናቱ ታዩኝ፣ ባዶው ሜዳ ታየኝ፣ «ድንኳን ያልተተከለለት» የሚለው ወሬ በጆሮዬ ተሰማኝ።

ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ነው፤ ስመኘው ጋቢናውን ገልብጦ እንዳይከፍት ጭነቱ ተጭኖታል፤ በጎን በኩል እጁን አስገብቶ የየኖዝሉን የናፍጣ ቧንቧ ተራ በተራ ማላላትና መልሶ ማጥበቅ ጀመረ። ሹፌሮች ሞተር የሚመረምሩት እንደዚህ ነው። ናፍጣ ሲቋረጥበት የሞተሩ ድምፅ ከወረደ፣ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ የጋሼ በላይነህን አላላ። ሞተሩ ተሻለው! እፎይ ብሎ ተረጋጋ። ጋሼ በላይነህ ክው ብሎ ቀረ። እትዬ ጥሩወርቅ እልል ልትል ስትል የሷን አላላ፤ ሞተሩ ጥቂት ተንገዳገደና እንደነበረው ቀጠለ።

ቀጥሎ የእኔን አላላ። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ምንም። ድምፁ አልወረደም፣ አልወጣም። ስመኘው ተጠራጥሮ መልሶ አጠበቀ፣ መልሶ አላላ። ምንም!

«ያንተ ሲሊንደር» አለ ስመኘው ሊያዝንልኝ እየሞከረ፣ «ከማርቆስ ጀምሮ ተሳፋሪ ነው።»

ያቺ ባለ ከፋይ ሳጥን! የምገባበት ጠፋኝ። እትዬ ጥሩወርቅ «ቢሮ የለመደ ሲሊንደር» ብላ ስትስቅ፣ ጋሼ በላይነህ የራሱን ውርደት ረስቶ አብሯት ሳቀ። ከዚያ ስመኘው የራሱን፣ የአባታችንን አሮጌ ኖዝል አላላ። ሞተሩ አንዴ ተንፈራገጠና ጸጥ አለ። ያን ሁሉ መንገድ ያን ሁሉ ጭነት ይጎትት የነበረው እሱ ብቻውን ነበር። ሳቃችን በአፋችን ደረቀ። ስመኘው መልሶ አጥብቆ ቢያስነሳ፣ ቢለምን፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

እናታችን ከጋቢና ወረደች። ነጠላዋን አስተካክላ ሞተሩ ዘንድ ቆመች።

«የኔ ሲሊንደር፣ ያንቺ ሲሊንደር ስትባባሉ ሰማሁ። መኪናው ተከፋፍሏል?»

ጋሼ በላይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሥርዓት ነው እማዬ። እጣ ተጥሎ ነው። ማንም አልተበደለም።»

«አንደኛው የማን ነው?»

«የኔ።»

«ሁለተኛው?»

«የኔ ነው እማዬ» አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

«ሦስተኛው?»

«የኔ» አልኩ፤ ስለ ሲሊንደሩ አፍሬ ነበር ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት።

«አራተኛው?»

«የኔ» አለ ስመኘው አንገቱን ደፍቶ።

እናታችን በጎን በኩል ጎንበስ ብላ ሞተሩን ትክ ብላ አየችው። የጠመኔው መስመር በዘይት ተበላሽቶም ይታያል።

«የኔስ?» አለች።

እኔ ብዙ ደንግጫለሁ ብያችኋለሁ። ያ ሁሉ ልምምድ ነበር።  በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ በዚያ ሁሉ እጣና ወሰን መሐል አንዳችንም፣ አንዳችንም እናታችንን አላሰብናትም።

«አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ በሬዎች ናቸው ተሸጠው እዚህ ውስጥ የገቡት። ከአባታችሁ ጋር ነው የገዛነው። እጣው ሲጣል የኔን ምልክት ማን ጣለልኝ?»

ዕድሜውን በፍርድ ቤት የጨረሰው ወንድማችን ፊቱ አመድ መሰለ። «እውነቷን ነው» አለ በሹክሹክታ። «ሕጉም… ግማሹ የሚስት ነው።»

«እንግዲህ ሁለቱ የኔ ነው» አለች እናታችን። «የቀሩትን ሁለቱን ለአራት ተካፈሉ።»

«ግማሽ ኖዝል ደግሞ የት ይሸጣል?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ፤ ነጋዴ ናት፣ ሳታስበው አምልጧት ነው። እናታችን ስታያት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሰኞ አራት አንድ ዓይነት ይገዛል። ሙሉጌታ የሚገጥመውን ይመርጣል። የማን ነው የሚለኝ ካለ በእግሩ ይሂድ። አሁን አውርዱ።»

አወረድን። ባዶ የሚመለሱ የፈረስ ጋሪዎችን አስቆምን፤ ባለጋሪዎቹ የማን ሙት ዓመት እንደሆነ ሲሰሙ «የሱማ ከሆነ» ብለው ፈረሳቸውን አዞሩ። ጋሪው ያልያዘውን ፍልጥና ወንበር እኛ ተሸከምን። ጋሼ በላይነህ በጀርባው፣ እትዬ ጥሩወርቅ በራሷ፣ እኔና ስመኘው የድንኳኑን ምሰሶ በትከሻችን ይዘን፣ እናታችን ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ደምበጫ ገባን። ድንኳኑ ትንሽ ቢጣመምም ተተከለ። እህሉም ጠላውም ደረሰ። የአባታችን ስም ተረፈ።

ካህናቱ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ አንድ ቄስ ወደ እናታችን ቀረቡ። ለደብሩ አዲስ ናቸው፣ ቤተሰባችንን አያውቁም። ጥቁር ልብሷን፣ አቧራዋን፣ ድካሟን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ።

«የማን ሙት ዓመት ነው እመት?»

«የባሌ ነው አባቴ» አለች እናታችን። «የኔን ልጆቼ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ቀድመው አውጥተውልኛል።»

ቄሱ ክው አሉ። እናታችንን አዩ፤ አራታችንን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን ለሷ አሳለሙና አለፉ፤ እኛ አራታችን አንገታችንን አስግገን፣ ከንፈራችንን እንዳሾልን ቀረን።